በዕድሩ ድምፅ ማጉያ የተነገረ የመጀመሪያ ቃል

ሕፃናት ለመናገር ይዘገያሉ የሚል ሰው ሕፃናትን አያውቅም። ሕፃናት አይዘገዩም፤ ያደምጣሉ። ዓመት ሙሉ ጋደም ብለው የእኛን ወሬ ሲሰሙ ይከርሙና፣ መልስ የሚገባው ነገር ስላላገኙበት ዝም ይላሉ። ይህን የምለው የሕፃናት አስተዳደግ ሊቅ ስለሆንኩ አይደለም። የገዛ ልጄ ልጅ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስታዳምጠኝ ኖራ አንዲት ቃል ሳትመልስልኝ በመቅረቷ፣ ለራሴ ማጽናኛ የሚሆን ንድፈ ሐሳብ ስላስፈለገኝ ነው።

ለአዲስ አንባቢ ያህል ጥቂት ስለ ራሴ ልበል። ዩኒቨርሲቲው በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረበት ዘመን ተምሬ፣ አቃቂ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሠርቼ፣ በጡረታ ቃሊቲ ተቀምጫለሁ። (ቃሊቲ ነኝ ባልኩ ቁጥር «መቼ ይፈታሉ?» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ቀልዱ አርጅቷል። እኔ የምኖረው ከግንቡ ውጭ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ነው።) ዛሬ በእጄ የቀረው ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሦስት አንቀጽ ያለውን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የምይዘውም፣ በየስብሰባው መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር የማነበውም እኔ ነኝ። አባላቱ ንባቤን በጸጥታ ይከታተላሉ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚከታተሉት።

ልጄ ሂሩት ነርስ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወሩ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሿ ማኅሌት ቀን ቀን ከእኛ ጋር ትውላለች፤ እናቷ የሌሊት ተረኛ ስትሆንም እኛ ዘንድ ታድራለች። ገና ወደ ቤታችን በመጣች ሳምንት ባለቤቴን ወይዘሮ አስካለን አስቀምጬ መመሪያ ሰጠሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት» አልኳት፣ «ለዚህች ልጅ ጡጡ፣ ውው የሚባል ነገር አይነገራትም። ጡጦ ጡጦ ነው፤ ውሻም ውሻ ነው። ሰው ሆና ተወልዳለች፤ የሰው ቋንቋ ትሰማለች።»

«ስታለቅስስ ምን ልበላት?»

«የምታለቅሺበትን ምክንያት አስረጂ በያት።»

አስካለ አርባ አራት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረች ሴት ናት። ተነሥታ ልጂቱን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ በማስረጃ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

እኔ ግን ሥራዬን በዕቅድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ማኅሌትን ትራስ አስደግፌ እቀመጥና «ማኅሌት ሆይ፣ ይህ በእጄ ይዤው የምትመለከቺው ዕቃ ማንኪያ ይባላል። ማንኪያ ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራል» እላታለሁ። ማኅሌት ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። አስካለ በበኩሏ ከበሩ ሥር ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ማንኪያው እስኪተዋወቅ ገንፎው ቀዘቀዘ» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንባብ አለ። ቤት ውስጥ በቅርብ የሚገኘው ጽሑፍ የዕድሩ ቃለ ጉባኤ ስለሆነ፣ ካለፉት ዓመታት እየመረጥኩ አነብላታለሁ። አጀንዳ ሁለት ላይ ስንደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። በዚህም አልተከፋሁም፤ ከአዋቂዎቹ አባላት እሷ በአንድ አጀንዳ ትበልጣለች።

ለድምፆቿ መዝገብ ከፈትኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ ጭምር እጽፋለሁ። በሦስተኛው ወር «አ… ጉ»፤ ማለዳ፣ ደመናማ። በስድስተኛው ወር «ባባባባ»፤ ከምግብ በኋላ፣ ፀሐያማ። በሰባተኛው ወር «እብብብ» አለች፤ በጎኑም «ትርጉሙ አልታወቀም፤ በምራቅ የታጀበ» ብዬ አሰፈርኩ። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ ባዶ ሆነ። ስምንተኛ ወር ምንም፤ አሥረኛ ወር ምንም። ዓመቷን ደፍና ወፌ ቆመች ተባለላት፣ ጥርሷ ስድስት ሆነ፣ እጇን ዘርግታ የፈለገችውን ታመጣለች፤ ከአፏ ግን ትንፍሽ የለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዷ «ምላሷ ሥር ይታይ» ትላለች፤ ሌላዋ «ወፍ ጥሬ የለቀመበትን ውኃ አጠጧት» ትላለች። ሂሩት ለሐኪም አሳየቻት፤ ሐኪሙም ጆሮዋም ምላሷም ደኅና ነው፣ በራሷ ጊዜ ትናገራለች አለ። እኔም «ዝምታ ወርቅ ነው» እያልኩ እጽናናለሁ፤ አስካለ ደግሞ «ወርቁስ በዛ፤ ትንሽ መዳብ ብታሰማን» ትላለች።

ይህ ሁሉ የቤት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር፣ ሳሪስ ባትኖር። ሳሪስ የማኅሌት ሌላዋ አያት፣ የአማቼ እናት እትዬ የሺ ይኖራሉ። እትዬ የሺ ከመኪና ጥሩምባ ጋር ተከራክረው የሚያሸንፉ ሴት ናቸው። ለልጄ በየቀኑ ስልክ ይደውላሉ። የጎረቤታቸው ልጅ በዘጠኝ ወሯ ተናገረች፤ የታች ቤቷ ልጅ በዐሥር ወሯ ሰው ታማለች። በመጨረሻም ይህ ዘመቻ ፍሬ አፈራ። ሆሣዕና ዕለት ሂሩት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ወስኛለሁ። እንዳይቀየሙኝ።»

«የውሳኔው ይዘት ሳይታወቅ ስለ ቅያሜ መናገር ያስቸግራል።»

«እስከ ፋሲካ አንድ ቃል ካልወጣት፣ ከማግሥቱ ጀምሮ ሳሪስ ትውላለች።»

«በምን ምክንያት?»

«እዚያ ያወሯታል።»

«እዚህስ ዲዳዎች ነን?»

«አባባ፣ እርስዎ አያወሯትም። ያነቡላታል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ጓደኞቹን አንድ በአንድ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ከአባላት መዝገብ የሰረዘ ሰው፣ ቀኑን የሚጠብቅበት አንድ ነገር ቢኖረው ያቺ ልጅ ናት። ጠዋት በር ላይ ስትደርስ ሁለት እጇን ወደ እኔ ትዘረጋለች። ያለ አንዳች ቃል፣ ግን ወደ እኔ። ያንን ለሳሪስ አሳልፎ መስጠት… ለሂሩት «አስተያየትሽ ተመዝግቧል» ብቻ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ፊቴ እንዲታይ አልፈለግሁም።

አሁን ስለ ድምፅ ማጉያው መንገር አለብኝ። ዕድራችን ቀደም ሲል ጥሩምባ ነበረው። ለፋፊያችን ጋሽ ቱሉ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ጥሩምባው ሲሰነጠቅ፣ ሊቀመንበራችን ባለ ሱቁ አቶ ከድር ከአንድ የምርጫ ቅስቀሳ የተረፈ የእጅ ድምፅ ማጉያ ከየትም ብለው አመጡልን። ዕቃው ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ቁልፉ አንዴ ከተጫነ ተመልሶ አይወጣም፤ መጮኹን የሚያቆመው ባትሪው ሲነቀል ነው። ሁለተኛ፣ የማንንም ድምፅ ወደ ለቅሶ ይለውጣል። ጋሽ ቱሉ አንድ ጊዜ የጽዳት ዘመቻ ቀን ቢያስታውቁበት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጥተዋል። ኋላም ጋሽ ቱሉ የጠፋ በጋቸውን ሲጠሩበት ስለተገኙ፣ እኔ ሞሽን አቅርቤ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ተሻሻለ፦ «ድምፅ ማጉያው ለሞት ልፈፋ ብቻ ይውላል፤ በጸሐፊው ቤትም ይቀመጣል።» በጥንቃቄ ተቀበልኩት፤ ፈረምኩ፤ ጣሪያው በማያፈሰው ክፍል ውስጥ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ጣሪያው በማያፈሰው ክፍል ውስጥ የምትተኛው ማኅሌት ናት።

ጸሎተ ሐሙስ ነጋ። ሂሩት የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ገና አልተመለሰችም። አስካለ ጉልባኑን ቀቅላ፣ ለስግደት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገስግሳለች። ማኅሌት ተኝታለች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ደንብም ውሳኔም የማይገዛው አንድ ጉዳይ ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ ሽንት ቤቱ ጠራኝ። የሽንት ቤቱ በር ቆርቆሮ ነው። ዶሮዎች እንዳይገቡ ብዬ ራሴ በውጭ በኩል በሚስማር የመታኋት ቁራጭ እንጨት አለች። በሩን ከውስጥ ስቤ ስዘጋው፣ እንጨቷ በግጭቱ ዞረችና ቦታዋ ገባች። ጉዳዬን ጨርሼ ብገፋ አይከፈትም። ብነቀንቅ አይከፈትም። በመልካም የእጅ ሥራዬ ታሰርኩ። ቃሊቲ ኖሬ የታሰርኩበት የመጀመሪያው ቀን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ በጨዋ ድምፅ «በአቅራቢያ ያላችሁ፣ ብትተባበሩኝ» አልኩ። ድምፄን ከፍ ላደርግ ስዘጋጅ ከቤት በኩል ኽርርር የሚል ነገር ተሰማ። ቀጥሎም ግቢውን፣ ሰፈሩን፣ ሐዲዱን ተሻግሮ ያለውን ሜዳ ሁሉ የሞላ ድምፅ መጣ።

«ባ… ባ… ባባ።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባባ።»

ከዚያ ደግማ። «አባባ… አባባ…»

ማኅሌት ነቅታለች፤ ከአልጋ ወርዳ ከሥሩ ያለውን ዕቃ አግኝታለች፤ ቁልፉን ተጭናለች፤ አፏንም ፈትታለች። እኔን እየጠራች ነው። ዓመት ከሁለት ወር የጠበቅሁት ቃል በሰፈሩ ሁሉ ላይ እየናኘ እኔ ሽንት ቤት ነኝ። አለቀስኩ። በዚያ ቦታ የሚለቀስ ለቅሶ ክብር እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ከደረት ኪሴ እርሳስ አወጣሁና ቆርቆሮው ላይ ጻፍኩ፦ «አባባ። ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10፣ ጥርት ያለ ሰማይ።»

እናንተ ደስታዬን ተካፍላችሁ ይሆናል። ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። ለሞት ብቻ የሚውለው ማጉያ ከአቶ ይልማ ቤት ማለዳ ጮኸ፤ በውስጡም «አባባ፣ አባባ» የሚል የለቅሶ ድምፅ አለ። ልጄ ሂሩት እኔን «አባባ» ብላ እንደምትጠራ የማያውቅ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በራችን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት «ዋይ አቶ ይልማ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ግቢው ሞላ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ ባይ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል።

«ኧረ በሕይወት አለሁ» ብዬ ጮኼ ነበር። ሴቶቹ ደረት በሚመቱበት፣ ማጉያው በሚያለቅስበት ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ማን ይሰማል? ኋላ ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ስልሳ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በቆመበት ግቢ የዕድሩ ጸሐፊ ከየት ብቅ ሊል ነው? ትንሽ እስኪበተኑ ልታገሥ አልኩ። ዕድርተኛ ግን ተሰብስቦ አይበተንም። እንዲያውም አንደኛዋ ሴት ከቤት ወጥታ ማኅሌትን ታቅፋ «ሬሳው የለም» ስትል፣ ሌላዋ ወዲያው «ሆስፒታል ነዋ የሞቱት። ቤተ ሰቡ ሬሳ ሊያመጣ ሄዶ ነው፤ ይቺን ሚስኪን እንኳ ጥለዋት» አለች። ሁሉም ተስማማ። የማጉያው ባትሪ ተነቀለ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ከተጀመረ በኋላ ሬሳ ጠፋ ተብሎ አይቋረጥም።

ቀጥሎ የድንኳኑ ብረት መጣ፤ ጎረምሶቹ በር ላይ መትከል ጀመሩ። ጋሽ ቱሉና አቶ ከድር የቀረውን ብረት ተሸክመው መጥተው ከሽንት ቤቱ ግድግዳ አስደግፈው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሙ። በእኔና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው። አሁን ብናገር ይሰሙኛል። ነገር ግን አልዋሻችሁም፤ መስማት ፈለግሁ።

«ትናንት ማታ እኮ ደኅና ነበሩ» አሉ ጋሽ ቱሉ። «ሰላምታ ሰጥቻቸው፣ አንቀጽ ጠቅሰው ነው የመለሱልኝ።»

«ወላሂ ያሳዝናል። ደግ ሰው ነበሩ» አሉ አቶ ከድር።

«ነበሩ።»

ጆሮዬን ከቆርቆሮው ለጠፍኩ። ቀጣዩን ምስጋና ጠበቅሁ።

«ትክክለኛ ሰው ነበሩ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

«እሱማ ከልክ ያለፈ። እኔ ለልጄ ሠርግ ሦስት ወንበር ብጠይቅ በደብዳቤ አሉኝ። ሊቀመንበር ነኝ እኮ። ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱልኝ።»

«ወንበሩንስ ሰጡ?»

«ከሠርጉ በኋላ።»

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሚን። ቱሉ፣ የናንተው ሕግ እንዴት ነው? በዚህ ሳምንት ፍትሐት የለም አይደል የሚባለው?»

«በሕማማት አይፈታም። ግን አይስጉ፤ ሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ይፈታል። ቤተ ክርስቲያን ዘንባባ ይዘው ቆመው አይቻቸዋለሁ። የሳቸው አልቋል።»

«እንኳን። እሳቸው ያላለቀ ነገር አይወዱም።» አቶ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… ቃለ ጉባኤው አጠር ይላል።»

«ኧረ ይተዉ፤ ሬሳቸው ገና አልመጣም።»

«ሐሰት ተናገርኩ?»

«ሐሰት አላልኩም። ቀስ ይበሉ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ። አቶ ከድር ልፈፋውን በቃል ያስጠኑ ጀመር። «እንዲህ በል። የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ይልማ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው…»

ሁሉን ነገር ችያለሁ። ወንበሩን ችያለሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም ችያለሁ። የተሳሳተ መረጃ ግን በዕድሩ ስም ሲለፈፍ መቻል አልቻልኩም።

«ሰባ አንድ» አልኩ።

ብረቱ ወደቀ።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ቱሉ፣ ከሩቅ። በአንድ ዝላይ ምን ያህል እንደራቁ ከድምፃቸው ተረዳሁ።

«ሟች ነኝ። በሩን ክፈቱ።»

«አቶ ይልማ፣ እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ጥያቄው ለቦታው አይመጥንም። እንጨቷን አዙሯት።»

አወጡኝ። አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ አማተቡ። በዚሁ ቅጽበት አስካለ ከስግደት ደርሳ ኖሮ፣ በሯ ላይ ድንኳን ሲተከል አይታ ተቀምጣ መጮህ ስትጀምር ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ጩኸቷን አቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም አርፈህ አትቀመጥም?»

ድንኳኑ ይነሣ አይነሣ ላይ ክርክር ተነሣ። አቶ ከድር ደንቡ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። በሃያ ሦስቱ አንቀጽ ውስጥ ሟቹ በሕይወት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ አንድም መሥመር አለመኖሩን ሳምን ያፈርኩትን ያህል ሽንት ቤት ውስጥ አላፈርኩም። የሚጠቀስ አንቀጽ ስለታጣ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ንፍሮ መቀቀል እንኳ አላስፈለገም፤ ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነውና የየቤቱ ጉልባን እየመጣ ይታደል ጀመር።

ሂሩት ከሥራዋ ስትመለስ፣ እትዬ የሺም ሰው ደውሎላቸው ከሳሪስ በኮንትራት ታክሲ ሲደርሱ አንድ ሆነ። ሂሩት አንገቴን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። እትዬ የሺ ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አቶ ይልማ፣ ከሳሪስ እስከ እዚህ ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?»

«ለሚቀጥለው ያገለግላል። አሁን ግን የምሥራች አለ። ማኅሌት ተናግራለች።»

ሂሩት አንገቴን ለቀቀች። «ምን አለች?»

««አባባ» ብላለች። ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቧል።»

«የት ነው የተመዘገበው?» አሉ እትዬ የሺ።

የት እንደሆነ ብነግራቸው መዝገቡ ክብሩን ስለሚያጣ ምስክሮች ጠራሁ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው «ሰምተናል» አለ። በዓለም ላይ ስልሳ ምስክር ባለበት አፏን የፈታች ሕፃን ያለች አይመስለኝም። እትዬ የሺ ግን ጉልባናቸውን በእርጋታ አላመጡ።

«የሰማችሁት ንግግር ነው ለቅሶ?»

«ንግግር ነው» አሉ አቶ ከድር።

«ታዲያ ንግግር ከሆነ ድንኳኑን ለምን ተከላችሁት?»

አቶ ከድር ግን የሊቀመንበርነት ልማድ ስላላቸው ነገሩን ለድምፅ አቀረቡት፤ «ልጂቱ ተናግራለች የምትሉ እጃችሁን አውጡ።» የሁሉም እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። በዚህ ዘመን በሙሉ ድምፅ የሚያልፍ ነገር ስለበዛ ልጄን አላሳመናትም።

«ልጅ በድምፅ ብልጫ አይናገርም» አለች ሂሩት። «እኔ ፊት ትበልና እዚሁ ትቆያለች። ካልሆነ ግን ያልኩት አልተለወጠም።»

ማኅሌትን ምንጣፉ መሀል አስቀመጠቻት። ድንኳኑ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። እኔም ቆሜ፣ ኮቴን አስተካክዬ «ማኅሌት፣ ማለዳ የተናገርሺውን ለጉባኤው እንድትደግሚልን በአክብሮት እጠይቅሻለሁ» አልኩ። ማኅሌት አዛጋች። «ቃሉ አጭር ነው፤ ጊዜ አይወስድም» አልኩ። አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

«እስቲ ይልቀቁልን» አሉ እትዬ የሺ፤ ከምንጣፉ ዳር ቁጢጥ አሉ። «የኔ ሙሽሙሽ፣ ላሚቷ ምን ትላለች? እምቧ… እምቧ ትላለች አይደል?»

ማኅሌት አውራ ጣቷን አወጣች። ፊቷ በራ። ወደ እትዬ የሺ ዞረች፤ ከንፈሯ ሲሰበሰብ አየሁት። ዓመት ከሁለት ወር የጠበቅሁት ቃል ዓይኔ እያየ ወደ ሳሪስ ሊሄድ ነው።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ራሴን ሳገኘው ኮቴን እንደለበስኩ፣ መነጽሬን እንዳደረግሁ፣ በአራት እግሬ ምንጣፉ ላይ ነኝ።

«እምቧ» አልኩ።

ሕማማት በመሆኑ ስግደት የጀመርኩ መስሏቸው ጋሽ ቱሉና ከኋላ የነበሩ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ወደቁ። እኔ ግን ሌላ ሰው የማይበት ዐይን አልነበረኝም። «እምቧ» አልኩ እንደገና፤ «እምቧ፣ የኔ ጡጡ፣ የኔ ሙሽሙሽ፣ ማነው ይሄ? ማነው?» ጭንቅላቴንም እንደሚዋጋ በሬ ነቀነቅሁት። መነጽሬ ወደቀ።

ማኅሌት ሳቀች። ስድስቱም ጥርሶቿ ታዩ። በዳዴ መጥታ አፍንጫዬን በሁለት እጇ ጨመቀች።

«አባባ» አለች።

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሕማማት መሆኑን ያስታወሱት ከጨረሱ በኋላ ነው። ሂሩት ታለቅሳለች፤ አስካለ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለለቅሶ ይሁን ለሳቅ አልጠየቅሁም። ማኅሌት በደስታዋ ቀጠለች፤ አቶ ከድርን «አባባ»፣ የድንኳኑን ምሰሶ «አባባ»፣ በመጨረሻም እትዬ የሺን በጣቷ እያመለከተች «አባባ» አለች። እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚጸናው የመጀመሪያው ነው» አልኳቸው፣ ከምንጣፉ ላይ ሳልነሣ።

«ይሁን። ሁለተኛው ቃል ግን የኔ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ።»

«ተስማምተናል።»

ሂሩትም እንባዋን ጠርጋ ውሳኔዋን አሳወቀች። ልጂቱ ከእኛ ጋር ትውላለች፤ ነገር ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ እኔ ዛሬ ባወራኋት ዓይነት አወራር እስካወራኋት ድረስ። በጽሑፍ ይሁንልኝ አላልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ላይ ወርጄ በግ፣ ዶሮ፣ አንዳንዴም የአንበሳ አውቶቡስ እሆናለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ መዝገቡ ግን ሞልቶ ሁለተኛ ደብተር ጀምሬያለሁ።

ባለፈው እሑድ የዕድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። እንደ ወትሮዬ ቆሜ ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ አነብ ጀመር። አጀንዳ ሁለት ላይ ስደርስ ከመጨረሻው አግዳሚ አንድ ወፍራም ድምፅ «እምቧ» አለ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ በጉ ጠፍቶበት የነበረ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ እኔን አየ። መነጽሬን አስተካከልኩ፤ ከዚያ የሚገባውን አደረግሁ። በዕለቱ ቃለ ጉባኤም ነገሩን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ፦ «አንድ አባል ከኋላ ሆነው ሐሳብ አቅርበዋል፤ ጸሐፊውም በዚያው ቋንቋ መልሷል።»